ሄልሜት ወይስ ሥርዓት? ሞተረኞች የሚሳሳቷቸው ነገሮች

«እኔ በሥርዓት ነው የምነዳው፤ ሄልሜቱ ለትራፊክ ነው።» ሞተር ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህችን ያልሰማሁበት ወር የለም። ተቃራኒዋም አትጠፋም፦ «ሄልሜት አድርጌያለሁ፣ ምን እሆናለሁ?» ሁለቱ ሲከራከሩ ብትሰሟቸው ባላንጣ ይመስላሉ፤ ስህተታቸው ግን አንድ ነው።

ሁለቱን ማወዳደር

ሥርዓት ግጭቱ እንዳይደርስ ይሠራል፤ የሄልሜት ሥራ የሚጀምረው ከደረሰ በኋላ ነው። ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። 42 ብዙ ነው፤ ግን ግማሽ አይሞላም። የቀረው ያለው ፍጥነታችሁና ዓይናችሁ ላይ ነው። ሥርዓት አለኝ ባዩም ቢሆን የሌላውን ሰው መሪ አልያዘም። «የአረቢያው ሎሬንስ» የሚባለው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን በ1935 እ.ኤ.አ. የሞተው ሞተር እየነዳ ሁለት ብስክሌተኛ ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከመንገድ ወጥቶ ነው፤ ራሱ ላይ ምንም አልነበረም። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ፣ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ ውጤቱን በ1941 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ማሰሪያውን አለማሰር

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ያልታሰረ ሄልሜት ባርኔጣ ነው! ከሞተር የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መሬት የሚነካው በትከሻው ወይም በዳሌው ነው፤ ሄልሜቱ በዚያች ቅጽበት ተወርውሮ ይሄድና ጭንቅላቱ ባዶውን ይደርሳል። «ያንቀኛል»፣ «ይሞቃል»፣ «ቅርብ ነው የምሄደው»። ቅርብ! እኔም አንድ ቀን፣ ጀማሪ ሳልሆን፣ «ቅርብ ነው» ብዬ ሳላስር ወጣሁና አሸዋ ላይ ተንሸራተትኩ። ቀና ስል ሄልሜቴ አሥር እርምጃ ርቆ ይሽከረከር ነበር። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል፤ የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ እሱ ነው። እሰሩት፤ በማሰሪያውና በአገጫችሁ መካከል ከሁለት ጣት በላይ አይግባ። ከዚያ ከኋላ ይዛችሁ ወደ ፊት ግፉት፤ ከወለቀ ልካችሁ አይደለም። ቬትናም ከታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄልሜትን በየመንገዱ ግዴታ ስታደርግ ብዙዎች ለቅጣቱ ብቻ ጣል ያደርጉት ነበር፤ ዛሬ ሕጉ ማሰሪያውን ያላሰረውን ጭራሽ ካላደረገው እኩል ይቀጣል። ትክክል ነው እላለሁ።

ሄልሜቱን ተማምኖ መብረር

ኢ.ሲ.ኢ 22.05 በተባለው የቀድሞው የአውሮፓ መለኪያ ሄልሜት ይፈተን የነበረው በሰከንድ 7.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር፣ ከብረት ጋር ተላትሞ ነው። መንገድ ላይ ለመውደቅ ይበቃል፤ ጭንቅላት ወደ አስፋልቱ የሚወርድበት ፍጥነት ሞተሩ ከሚሄድበት ያነሰ ነውና። በ80 እየበረሩ ከቆመ መኪና ጀርባ ለመግባት ግን የተሠራ የለም። በ60 ስትነዱ አደጋውን አይታችሁ እጃችሁ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢወስድባችሁ 17 ሜትር ያህል ሄዳችኋል፣ ፍሬኑ ገና ሳይዝ።

የፊት ፍሬንን መፍራትም የጀማሪ በሽታ ነው። ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ኃይል የሚሰጠው እሱ ነው፤ ቀስ እያላችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት እንጂ በአንዴ አትጨብጡት። ከከባድ መኪና ጎን ስትሆኑ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላያችሁት እሱም አያያችሁም። ከወደቀ በኋላ «ምንም አልሆነም» ተብሎ የተሸጠ ሄልሜት አትግዙ፤ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም፣ ከውጭ አይታይም።

ከኋላ የሚሳፈረውን መርሳት

ባለፈው ሰሞን አንድ አባት ማሰሪያውን በሥርዓት አስሮ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ቀይ መብራት አክብሮ ቆመ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከኋላው ወገቡን ያቀፈችው ልጁ ራሷ ላይ ሪባን ብቻ ነበር።