አሰላለፍ እንዴት ይመረጣል? ከተጫዋች ቆጠራ እስከ መስመሮች ርቀት

አዲስ ቡድን የተረከበ አሰልጣኝ ከደጋፊ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «በምን አሰላለፍ ነው የምትጫወቱት?» የሚል ነው። «በ4-3-3» (ከኋላ ወደ ፊት አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ቁጥሩ ግን ፊሽካ ሲነፋ ተጫዋቾቹ የት እንደሚቆሙ ብቻ ነው የሚናገረው። ያው 4-3-3 ኳስ ሲጠፋ 4-5-1 ይሆናል። ማንቸስተር ሲቲ በ2022/23 ሦስት ዋንጫ ሲያነሳ፣ ኳስ በያዙ ቁጥር ጆን ስቶንስ ከተከላካይ መስመር ወጥቶ ከተከላካይ አማካዩ ሮድሪ ጎን ይቆም ነበር፤ ኋላ የሚቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አሰላለፍ ሁለት ጊዜ ይመረጣል፦ አንዴ ኳስ ለያዙበት፣ አንዴ ኳስ ላጡበት። ኳስ ካጡበት መጀመር ይሻላል፤ ስህተቱ ቶሎ ግብ የሚያስቆጥርብዎ እዚያ ነው።

ተጫዋች ይቁጠሩ፣ ሜዳ ይለኩ

ከቁጥሩ በፊት ስም ይጻፉ። 90 ደቂቃ ሙሉ የሚመላለስ የመስመር ተጫዋች አለዎት? ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ የሚይዝ አጥቂስ? ተጋጣሚ ከኋላው እየመጣበት ኳስ ተቀብሎ መዞር የሚችል አማካይስ? አስተማማኝ የመሃል ተከላካዮች ስንት ናቸው? በሁለት የመሃል ተከላካይ ለመጫወት ሦስት፣ በሦስት ለመጫወት ደግሞ ቢያንስ አራት ያስፈልጋሉ፤ ካርድና ጉዳት አይቀርም። ከዚያ የቡድኑን ምርጥ ተጫዋች የሚመቸው ቦታ ላይ መጀመሪያ ያስቀምጡና ሌላውን በዙሪያው ይሙሉ። በተቃራኒው መንገድ የሚሄዱ አሰልጣኞች አሉ፤ ቴሌቪዥን ላይ ያዩትን አሰላለፍ አምጥተው ምርጡን ልጅ የማያውቀው ቦታ ላይ ያቆሙታል።

ሜዳውንም በእርምጃ ይለኩ። የተለመደው ትልቅ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። ወርዱ 55 ሜትር ከሆነ የክንፍ ተጫዋች መስመሩ ላይ ቢጣበቅም ቦታ አያገኝም፤ እዚያ ሁለት አጥቂና ሁለተኛ ኳስ (ከመጀመሪያው ፍልሚያ ተገጭቶ የሚወድቀውን) የሚለቅሙ አማካዮች ይበልጣሉ። ሜዳው ጉድጓድ የበዛበት ከሆነ ከኋላ መስርቶ መጫወትን ይተዉት። ቆላ የሚለማመድ ቡድን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ ሲጫወት 90 ደቂቃ ጫና ማሳደር አይችልም፤ በ15 በ15 ደቂቃ ከፋፍሎ ማቀድ አለበት።

መሃል ላይ ስንት ለስንት ነዎት?

እርስዎ በ4-4-2፣ ተጋጣሚ በ4-3-3 ከገባ መሃሉ ሁለት ለሦስት ነው። ሁለቱ አማካዮች ነጻ የሆነውን ሦስተኛ ሰው ለመያዝ ከወጡ ከኋላቸው ክፍተት ይተዋሉ፤ ካልወጡ ሰውየው ተረጋግቶ ይዞርና ወደፊት ያቀብላል። አንዱ መፍትሔ ከሁለቱ አጥቂዎች አንዱ ወደ ኋላ ተስቦ የተጋጣሚን የተከላካይ አማካይ መያዙ ነው። ሌላው፣ ኳሱ ከሌለበት ወገን ያለው የመስመር አማካይ ወደ መሃል መጥበቡ ነው። የመጀመሪያው ይሻላል። ሌስተር ሲቲ በ2015/16 በ81 ነጥብ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ሲያሸንፍ ወረቀቱ ላይ 4-4-2 ነበር፤ ሜዳ ላይ ግን ሺንጂ ኦካዛኪ ከጄሚ ቫርዲ ኋላ እየወረደ መሃሉን ያግዝ ነበር። ኳስ ነጣቂው አማካይ ንጎሎ ካንቴም ነበር እንግዲህ፤ እሱን የሚመስል ሰው ከሌለዎት ሦስት አማካይ ያሰልፉ።

ትልቁ ሥራ፦ የመስመሮቹ ርቀት

አሰላለፉን ሦስት ጊዜ ቀይሮ ምንም ያልተለወጠለት አሰልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው። አሪጎ ሳኪ ኤሲ ሚላንን ሲያሰለጥን ከኋለኛው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከ25 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይፈልግ ነበር፤ ያ ቡድን በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። ይሁን እንጂ ከ1990 የሕግ ለውጥ ወዲህ ከተከላካይ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) አይባልም፤ ስለዚህ ያን ያህል መጠጋት ለልምድ አልባ ቡድን አደገኛ ነው። 30 ሜትር ይበቃል። 40 ከደረሰ በተከላካዮችና በአማካዮች መካከል የተጋጣሚ አጥቂ አማካይ እንደልቡ የሚፈነጭበት ሜዳ ይፈጠራል።

ርቀቱን ሜዳው ላይ ካሉት መስመሮች ጋር ያያይዙት። የመሃል ክቡ ራዲየስ 9.15 ሜትር ነው። አጥቂዎ ጫና የሚጀምረው ተጋጣሚ ሜዳ ውስጥ ካለው የክቡ ጫፍ ላይ ነው እንበል። ከዚያ 30 ሜትር ወደ ኋላ ሲቆጥሩ የተከላካይ መስመርዎ ከሜዳው እኩሌታ 21 ሜትር ገደማ ወደ ራስዎ ግብ ይሆናል፤ በ105 ሜትር ሜዳ ከግብ መስመሩ 32 ሜትር ያህል ማለት ነው። የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ 16.5 ሜትር ስለሆነ ከተከላካዮቹ ኋላ እስከ ክልሉ ድረስ 15 ሜትር ባዶ ቦታ አለ። ያንን የሚጠብቀው በረኛው ነው፤ ክልሉ ጠርዝ አካባቢ መቆም አለበት። በረኛዎ ከመስመሩ መውጣት የሚፈራ ከሆነ ተከላካዩን ሳይሆን አጥቂውን ወደ ኋላ ይሳቡት፤ መላው ቡድን አብሮ ይውረድ።

የተለመደው ብልሽት ይኸው ነው፦ አጥቂዎቹ ለመንጠቅ ይሮጣሉ፣ ተከላካዮቹ ፈጣን አጥቂ ፈርተው ይቀራሉ፣ ቡድኑ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ከዳር ሆኖ «ውጡ! ውጡ!» እያሉ መጮህ አይፈውሰውም፤ መቼ እንደሚወጣ ምልክት ያስፈልጋል። ኳስ የያዘው ተጋጣሚ አንገቱን ደፍቶ ከሆነ፣ ጀርባውን ከሰጠ፣ ወይም ወደ ኋላ ካቀበለ መስመሩ ይወጣል። ማንም ሳይጫነው ቀና ብሎ ወደፊት ካየ ደግሞ ኳሱ ሳይመታ አምስት ስድስት ሜትር ይወረዳል። ምልክቱን የሚሰጠው አንድ የመሃል ተከላካይ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰው ሲያዝ አንዱ ወጥቶ አንዱ ይቀራል፣ ኦፍሳይዱም ይፈርሳል።

ወደ ጎንም እንዲሁ ነው። ኳሱ ቀኝ መስመር ላይ ሲሆን የግራ መስመር ተከላካይ ከሩቁ የግብ ቋሚ ትይዩ መቆም አለበት። ግራ መስመር ላይ ብቻውን የቀረ ተጋጣሚ ሊያስፈራ አይገባም፤ ኳሱ አየር ላይ እስኪደርሰው ለመጠጋት ጊዜ አለ።

ልምምዱ ውድ ዕቃ አይፈልግም። አራቱን ተከላካዮች ስምንት ሜትር ገደማ በሆነ ገመድ ወገባቸው ላይ ላላ አድርገው ያያይዟቸው፣ እርስዎ ኳስ ይዘው ሜዳው ላይ አምስት የተለያዩ ቦታዎች በቀስታ ይዙሩ፣ ቡድኑ እየተከተለ ቅርጹን ይጠብቅ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፤ መሮጥ ከመጀመራቸው በፊት ገመዱ መፈታት አለበት፣ አለዚያ ይጠላለፋሉ። በድንገት «ቁም!» ብለው ከኋለኛው ተከላካይ እስከ አጥቂው በእርምጃ ይቁጠሩ። 20 ደቂቃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተሠራ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲረዝም ተጫዋቾቹ ይሰለቻሉ፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ቦታውን አይጠብቅም።

ሲያጠቁ ኋላ ማን ይቀራል?

ሕጉ አጭር ነው፦ ተጋጣሚ ፊት ከተዋቸው ሰዎች አንድ ይብለጡ። አንድ አጥቂ ካስቀረ ሁለት፣ ሁለት ካስቀረ ሦስት። ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች አንድ ላይ ከወጡ የተከላካይ አማካዩ መቀመጥ አለበት። ብዙ የመልሶ ማጥቃት ግብ የሚቆጠረው እሱም በጉጉት ሲወጣ ነው።

ሦስት ተከላካይ መቼ?

መስከረም 24 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ቼልሲ በአርሰናል 3 ለ 0 ተሸነፈ። አሰልጣኙ አንቶኒዮ ኮንቴ በዚያው ጨዋታ ወደ ሦስት ተከላካይ ዞረ፤ ከቀጣዩ የሊግ ጨዋታ ጀምሮ በ3-4-3 በተከታታይ 13 አሸንፎ በስተመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚህ ታሪክ ብዙዎች ቁጥሩን ብቻ ቀድተዋል። የሠራው ግን የሰው ምርጫው ነው፦ የመስመር ተከላካዩ ሴዛር አዝፒሊኩዌታ ከሦስቱ አንዱ ሆነ፣ የክንፍ ተጫዋች የነበረው ቪክቶር ሞሰስ የቀኝ መስመር ተመላላሽ ሆነ፣ ኤደን ሃዛርድ የመከላከል ሸክሙ ቀለለለት። የሞሰስ ዓይነት ሳንባ ያለው ተመላላሽ በሁለቱም በኩል ከሌለዎት 3-4-3 ብለው የገቡበት በ20 ደቂቃ ውስጥ 5-4-1 ይሆናል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ተመላላሾቹ ኳስ የሚቀበሉት ከእኩሌታው ወዲህ ከሆነ አምስት ተከላካይ ነው ያለዎት፤ ወደ አራት ይመለሱ።

ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለው ወረቀት

ከጨዋታው በፊት ሦስት ሁኔታ ጽፈው ኪስዎ ይክተቱ፦ 60ኛው ደቂቃ ላይ እየተመሩ፣ 75ኛው ላይ እየመሩ፣ ቀይ ካርድ ሲመጣ። በአብዛኛው ውድድር አምስት ቅያሪ አለ፤ ከእረፍት ሰዓት ውጪ ግን ጨዋታ ማቋረጥ የሚቻለው ሦስት ጊዜ ነው፤ አንድ አንድ እያሉ ከጨረሱት ሁለቱ ቅያሪ ይቀራል። ለቀይ ካርድ 4-4-1 ይዘጋጅ። በረኛ ከወጣ ተጠባባቂው በረኛ እንዲገባ ሌላ የሜዳ ተጫዋች መሠዋት ስላለበት ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወሰን። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጥቶ፣ ከኋላ ተነስተው በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጥተዋል።

ከጨዋታው በኋላ ለማየት በስልክ ይቅረጹ፤ ከጎን ሳይሆን ከግቡ ጀርባ ከፍ ካለ ቦታ፣ ክፍተቱ የሚታየው ከዚያ ነው። በ30ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ምስሉን አቁመው መስመሮቹን ያወዳድሩ። በ30ኛው ደቂቃ 30 ሜትር የነበረው በ75ኛው 40 ከሆነ ችግሩ ከአቅም ነው፤ አሰላለፉን አይንኩ፣ ሩጫውን ይጨምሩ ወይም ቅያሪውን አሥር ደቂቃ ያስቀድሙ። ከመጀመሪያውም 40 ከነበረ ገመዱን እንደገና ያውጡ።