የመጀመሪያ ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ የተጻፈለትን አንድ ፕሮግራም የሚያስኬድ፣ ሴንሰር (መለኪያ)፣ ሞተርና የመሳሰሉት የሚገናኙበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። «የትኛውን ቦርድ ልግዛ?» ለሚለኝ ጀማሪ ሁሉ መልሴ «ምን ልትሠራበት ነው?» ነው። ብዙዎቹ ገና አላሰቡበትም። ትልቁ ስህተት እዚሁ ላይ ይጀምራል፤ ሥራው ሳይታወቅ ቦርዱ ይመረጣል። የጓሮ አትክልቱ አፈር ሲደርቅ ፓምፕ የሚያስነሳ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው አፈሩን በየአሥር ደቂቃው ቢለካ ይበቃዋል። ለዚህ አርዱዊኖ ኡኖ አር3 የሚባለው ቦርድ 16 ሜጋኸርዝ ፍጥነቱ ይተርፋል። ያንኑ አፈር ሥራ ቦታው ሆኖ በስልኩ ማየት ከፈለገ ግን ዋይፋይ ያለውን ኢኤስፒ32 ቦርድ ይግዛ።

ሌላው ቁጥር እያወዳደሩ ትልቁን ማንሳት ነው። ኡኖ አር3 ያለው ራም (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ 264፣ ኢኤስፒ32 ደግሞ 520 ኪሎባይት አላቸው። ቢሆንም በ2005 ጣሊያን ኢቭሬያ ውስጥ ለተማሪዎች ተብሎ የተጀመረው አርዱዊኖ ዛሬም ለጀማሪ የሚመች ነው፤ በገበያ ላይ ላሉ አብዛኞቹ ሴንሰሮች የተዘጋጀ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ኮድ) እና የሚሠራ ምሳሌ ይገኝለታል። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው የቦርድ ፍጥነት ማነስ አይደለም፤ የተበላሸውን ለማስተካከል የሚረዳው ማጣቱ ነው። እርግጥ 2 ኪሎባይት የሚያጥርበት ጊዜ አለ። 128 በ64 ፒክስል የሆነች ትንሽ ኦሌድ ስክሪን ብቻዋን ከዚያ ላይ ግማሹን ልትወስድ ትችላለች።

በስም መመሳሰል የሚሳሳቱም አሉ። ራስፕቤሪ ፓይ ሊኑክስ የሚጫንበት ኮምፒውተር ነው፤ በ2021 የወጣው ፒኮ ግን ማይክሮኮንትሮለር ነው። ልዩነቱ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ቤት በደንብ ይታያል። ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ የሚሞሪ ካርዱ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ፤ ፒኮ ግን መብራቱ እንደተመለሰ ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ቮልቴጁን ነው። ኡኖ በ5 ቮልት፣ ኢኤስፒ32 እና ፒኮ በ3.3 ቮልት ይሠራሉ። ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር በ5 ቮልት ሲሠራ ኢኮ በሚባለው ፒኑ (ሽቦ የሚገናኝበት እግሩ) የሚያወጣውም 5 ቮልት ነው። ይህን በቀጥታ ኢኤስፒ32 ላይ የሰካ ሰው ለጊዜው ሲሠራለት ሊያይ ይችላል፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ ትርፉ ቮልቴጅ ፒኑን ቆይቶ ሊገድለው ይችላል። እኔ አንድ ቦርድ ያጣሁት እንደዚህ ነው፤ ፒኑ መሞቱን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ኮዴን ስፈትሽ ቆየሁ። መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ነው። ከኢኮ ወደ ቦርዱ በሚሄደው መስመር ላይ 1 ኪሎኦም፣ ከቦርዱ ፒን ወደ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ደግሞ 2 ኪሎኦም ሲገባ ቮልቴጁ ወደ 3.3 ገደማ ይወርዳል። ቤትዎ ያሉት ሴንሰሮች አብዛኞቹ የ5 ቮልት ከሆኑ ኡኖን መምረጥ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ፒን ስለበዛ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። በመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ላይ ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች መቀበል እንጂ ማውጣት አይችሉም፤ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ቢያገናኙባቸው አይነሳም።

በባትሪ ለሚሠራ ነገር ኡኖን መምረጥ አይመከርም። ቺፑ ቢተኛም ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ክፍል)፣ የዩኤስቢ ቺፑና መብራቷ ኤሌክትሪክ መውሰዳቸውን አያቆሙም። አራት ማዕዘኗ 9 ቮልት ባትሪ አንድ ቀን እንኳ አታደርሰውም።

በመጨረሻ፣ አንድ ውድ ቦርድ ከመግዛት ሁለት ተመሳሳይ ርካሽ ቦርዶች ይግዙ። እዚህ አገር የተቃጠለ ቦርድ መተካት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ካለ ደግሞ ጥፋቱ የቦርዱ ይሁን የኮዱ በአንድ ደቂቃ ይለያል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የዩኤስቢ ኬብሉን ይቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግና ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ደህናውን ቦርድ የሞተ ያስመስለዋል።