ከመኸር እስከ በረዶ፦ አኪታን በምግቧ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ጃፓን ሲባል ሱሺ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ከሆነ አኪታ ሂዱ። ከቶኪዮ በሺንካንሰን ባቡር ወደ ሰሜን 4 ሰዓት ገደማ ነው። የሩዝ አገር ነው፤ በረዶው ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ፣ ቲኬቱ ይደርሳል። ገበታው ላይ የሚቀርበውን የሚወስነው ወቅቱ ነው። (ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ከሆነ ቀጥታ ወደ ኦዳቴ ከተማ። አዲሱ ሩዝ የሚገባበት ጊዜ ስለሆነ የኪሪታንፖ፣ ማለትም በዘንግ ላይ ተጠብሶ መረቅ ውስጥ የሚገባ ሩዝ፣ ወቅት ነው፤ ራሳችሁ የምትሠሩበት ቦታ ካገኛችሁ እንዳታልፉት። ትኩስ ሩዝ ትወቅጣላችሁ፣ ግን እስኪልም አይደለም፣ ግማሹ ፍሬ ፍሬ እንዳለ ይቀራል። አገሬው ይህን «ግማሽ መግደል» ይለዋል፣ ሩዙን ማለታቸው ነው፣ አትደንግጡ። እጃችሁን በጨው ውሃ አርጥቡ፣ አለዚያ ሩዙ ሙጭጭ ብሎ አይላቀቃችሁም። ከዚያ የእንጨት ዘንግ ላይ እየጠፈጠፋችሁ ታለብሱታላችሁ፣ ፍም ዳር እያዟዟራችሁም ላዩ ቡናማ እስኪል ትጠብሱታላችሁ። ከዘንጉ አውጥታችሁ ቆራርጡት። የሂናይ ዶሮ መረቅ፣ ማይታኬ እንጉዳይ፣ ሽንኩርትና ጎቦ የሚባለው ሥር ከበሰሉ በኋላ ነው የሚገባው፣ ቶሎ ከገባ ይፈርሳል። ሴሪ የሚባለው ቅጠል ደግሞ ድስቱ ሊወርድ ሲል፣ ከነሥሩ። ሥሩን ገፍታችሁ ቅጠሉን ብቻ እንዳትበሉ፣ ጣዕሙ ያለው ሥሩ ላይ ነው።

ዲሴምበር ከሆነ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ኦጋ። ሃታሃታ የሚባለው ዓሣ ነጎድጓድ ሲጮህ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ዳርቻ ይመጣል። ቅርፊት የለውም፣ ተጠብሶ ይበላል፣ ወይም ከዓሣ በተሠራው ሾትሱሩ ስጎ ይቀቀላል። እንቁላሉ ጥርስ ስር ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ዝልግልግም ነው። ሁሉም ሰው አይወደውም፣ አንዴ ግን ቅመሱት። ዓሣው ተመናምኖ ከ1992 ጀምሮ ለ3 ዓመት ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ማጥመድ አቁመው ነበር፣ አሁንም እጥረት ስላለ ዋጋው ከፍ ቢል አይግረማችሁ።

የነቢያት ጾም ላይ ከሆናችሁ ኢቡሪጋኮ አለላችሁ። ዳይኮን ከሚሉት ነጭ ሥር የሚሠራ ነው። ሌላው ጃፓን ፀሐይ ላይ ሰቅሎ ያደርቀዋል፤ አኪታ ግን በረዶው ቶሎ ስለሚመጣ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ በኦክና በቼሪ እንጨት ጭስ ይታጠናል፣ ከዚያ በሩዝ ፉርሽካና በጨው ከ40 ቀን በላይ ይቀመጣል። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሽታው አዲስ አይሆንበትም። ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከክሬም አይብ ጋር ደግሞ ጉድ ነው፣ ለጾመኛ ባይሆንም!

የመጨረሻው፣ በልማድ ፌብሩዋሪ 15 እና 16፣ ዮኮቴ ከተማ። ከበረዶ በተሠሩ ጎጆዎች ውስጥ ልጆች ተቀምጠው «ግቡ» ይሏችኋል፣ ትኩስ አማዛኬና ፍም ላይ የተጠበሰ ሞቺ (የሩዝ ቂጣ) ያቀርባሉ። አማዛኬ ከሩዝ የሚሠራ ጣፋጭ መጠጥ ነው። መጀመሪያ ለውሃው አምላክ በተሠራችው መደብ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ ልማድ ነው፣ ዝርዝር ያዙ። ካልሲያችሁም ወፍራም ይሁን።