የሞተር ሳይክል ዘይት አለካክ፦ መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁመው

ድሬ ላይ ሞተር የሚነዳ ሰው ጎማውን ነካ ነካ ያደርጋል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ሰንሰለት ሲላላ ያስጠብቃል። ዘይት ግን ትዝ የሚለው ጋራዥ ሲገባ ብቻ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ለስራ ከድሬ ሐረር እመላለሳለሁ፣ ዘይት በደንብ መለካት የተማርኩት ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሬ ጭስ እየተፋ ከቆመብኝ በኋላ ነው። ያን ቀን ዘይት አልጎደለም ነበር። በዝቶ ነው፣ ያበዛሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ታሪኩን ቦታው ስንደርስ እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ይህ ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገርህ። መንገድ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች ባለ አራት ምት ናቸው። ውስጣቸው ያለው አንድ ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ራዲያተር ስለሌላቸው ደግሞ ሙቀቱን ከውስጥ ተቀብሎ ወደ ውጭ ለማውጣት የሚያግዘውም ይኸው ዘይት ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት የሚይዙት 1 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ከ1 ሊትር ላይ 300 ሚሊ ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው ሊሄድ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። መንገዳችንን ደግሞ አስበው። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ። ሞተሩ በድሬ ሙቀት ይነሳና ገና ሳይፍታታ ደንገጎን በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣል። የጎደለ ዘይት ሜዳ ላይ ለወራት ዝም ሊልህ ይችላል፣ ዳገት ላይ ግን ዝም አይልህም።

ዘይትና ቤንዚን አንድ ላይ የሚያቃጥሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች አሰራራቸው ሌላ ስለሆነ ይህ ጽሁፍ እነሱን አይመለከትም።

የሚያስፈልግህ ዕቃ ጥቂት ነው። ክሩ የማይረግፍ ንጹህ ጨርቅ፣ ትክክለኛው ዘይት፣ ባዶ ሃይላንድ እና የሕጻን ጡጦ። አዎ፣ ጡጦ። ጎኑ ላይ ሚሊ ሊትር ስለተጻፈበት ከሱ የተሻለ ርካሽ መለኪያ አላገኘሁም። ከጣሳው በቀጥታ "በዓይን" የሚያፈሱ ሜካኒኮችን አልወድም፣ በ1 ሊትር ሞተር ላይ የዓይን ግምት ትልቅ ስህተት ነው። አንዴ ዘይት የነካው ጡጦ ወደ ቤት እንዳይመለስ ግን ጥቁር ቀለም ቀባውና ከመፍቻዎችህ ጋር ቆልፍበት። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ የሚረሳ ነገር አይደለም። ሃይላንዱን አንገቱ ጋ ቆርጠህ ስትገለብጠው ማፍሰሻ ይሆንሃል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት የሞተርህ መጽሐፍ ያለውን ስማ። ለምሳሌ ቦክሰር ለሚባለው ሞተር 20/50 ነው የሚለው፣ ይህ የዘይቱን ውፍረት የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ጣሳው ላይ ለሞተር ሳይክል መሆኑ መጻፍ አለበት፣ "ጃሶ ኤም ኤ" የሚል ምልክት ካለው በጣም ጥሩ፣ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሰራ ሞተር ይሆናል ማለት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል እየተባለ የሚሸጠውን ቀጭን የመኪና ዘይት አትጨምር። ውስጡ ያለው ማለስለሻ ቅመም ለመኪና ጥሩ ነው፣ የኛን ፍሪሲዮን ግን ያንሸራትተዋል። አንድ ጓደኛዬ ይህን አድርጎ ሞተሩ እየጮኸ የማይሄድ ሆነበት። ፍሪሲዮን ሊያስቀይር ገንዘብ ካዘጋጀ በኋላ ነው ጥፋቱ የዘይቱ መሆኑ የታወቀው። ስትገዛም የክዳኑ ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን አይተህ ግዛ፣ በተከፈተ ጣሳ የሚሸጥልህን እለፈው።

አሁን ወደ ስራው። ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልግ። ከዚራ ሰፈር ያለው አስፋልት እንኳን ሜዳ ይመስላል እንጂ ወደ ዳር ያዘነበለ ነው። ሃይላንዱን ከመቁረጥህ በፊት ግማሽ ውሃ አድርገህ መሬት ላይ አስተኛው። ከተንከባለለ ቦታ ቀይር።

ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ ሳትሰጥ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይስራ። አጥፋው። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቅ። ላይ የተረጨው ዘይት ወደ ታች እስኪወርድ ነው የምትጠብቀው፣ ወዲያው ከለካህ የጎደለ ይመስልሃል። ከሐረር ተመልሰህ ሞተሩ እንደ ምጣድ ግሎ ሳለ ደግሞ አትንካው፣ ጥላ ስር አቁመህ ሻይህን ጠጥተህ ና።

ቀጥሎ ያለው ነው እኔን ያስከፈለኝ።

ያን ጊዜ ሞተሬን በጎን እግሩ አቁሜ ነበር የለካሁት። ሁልጊዜ የሚቆመው እንደዚያ ስለሆነ ሌላ አላሰብኩም። የዘይት መለኪያውን፣ ማለትም መጨመሪያው ክዳን ላይ የተተከለውን የታችና የላይ መስመር ያለበትን ዘንግ አወጣሁ፣ ጫፉ ብቻ እርጥብ ነው። ደነገጥኩ። ዘይት ገዝቼ ጨመርኩ፣ ለካሁ፣ አሁንም የታችኛው መስመር ላይ አልደረሰም። እንደገና ጨመርኩ። በጠቅላላው ወደ 400 ሚሊ ሊትር አስገብቼ፣ መስመሩ ላይ ሲደርስልኝ ተደስቼ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐረር ወጣሁ። ደንገጎ ግማሽ ላይ ስደርስ ሞተሩ መታፈን ጀመረ። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ ነው፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ሁሉ ጥሩምባ ያሰማኛል። ዳር ይዤ አቆምኩ። የአየር ማጣሪያው ቤት ስር ዘይት ይንጠባጠባል።

ሰፈራችን ውስጥ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት አሉ። ሞተሩን ጭኜ ሳመጣው ማርሽ አልነኩም፣ ካንዴላ አልፈቱም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ስትለካው ቆሞ ነበር ወይስ ተጋድሞ?" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች የጎን እግር በግራ ነው፣ የዘይት መለኪያው ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል ዘይቱም ወደ ግራ ይሄዳል፣ መለኪያው ያለበት ቀኙ ጎን ይራቆታል። ሞልቶ ሳለ ባዶ ነው ይልሃል። አንተም ትጨምራለህ። ሲነሳ የበዛውን ዘይት ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት እየመታ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ አያደርግም። ግፊቱ ሲበዛ ዘይቱ በመተንፈሻው ጎማ ሽቅብ ወጥቶ የአየር ማጣሪያው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር፣ ከዚያ ጭስ። እኔ ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተር አሳጠብኩ፣ ግፊቱ ያበላሸውን ፓራኦሊዮም፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጋውን ቀለበት ማለቴ ነው፣ አስቀየርኩ። የሶስት ቀን ስራም ቀረብኝ። ስለዚህ አቦ፣ እለምንሃለሁ፣ በጎን እግር አትለካ።

መሃል ስር ያለው ባለ ሁለት እግር መቆሚያ ካለህ በሱ አቁመው። ከሌለህ የሰፈር ልጅ ጥራና መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝልህ፣ "ወሪያ፣ ና ያዝልኝ" ብትል ድሬ ላይ እምቢ የሚልህ የለም። ብቻህን ከሆንክ ደግሞ ግድግዳ አጠገብ አቁመህ መሪው ጫፍ ግድግዳውን እስኪነካ አቅናው። ለዓይንህ ቀጥ ማለቱ ይበቃል፣ አንድ ሁለት ዲግሪ አይጎዳህም።

መለኪያውን ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን ጥረግ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የት እንደማይገባ አንተም ታውቃለህ፣ አንዴ ሞተር ውስጥ ከገባ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

አውጣው፣ ጥረገው፣ መልሰው፣ እንደገና አውጥተህ አንብብ። እዚህ ጋ ሁለተኛው ወጥመድ አለ። መለኪያው ጥርስ ያለው ክዳን ላይ የተተከለ ነው። ስትለካ አጥብቀህ ታስረዋለህ ወይስ እንዲሁ አስቀምጠህ ብቻ ታወጣዋለህ? ብዙዎቹ ሞተሮች ሳይታሰር፣ ጥርሱ ላይ ዐርፎ ነው የሚለካው። አንዳንዶቹ ግን ታስሮ ነው። ሳይታሰር የሚለካውን አስረህ ከለካኸው ዘንጉ ጠልቆ ስለሚገባ ዘይቱ ከፍ ብሎ ይታይሃል፣ ጎድሎ ሳለ ሙሉ ነው ብለህ ትሄዳለህ። ይህ ስህተት ከእኔው የባሰ ነው፣ ጭስ እንኳን አያስጠነቅቅህም።

መጽሐፉ ካለህ እሱን እይ። ያገለገለ ሞተር ገዝተህ መጽሐፉ ከሌለህ እኔ እንዲህ ነው ያደረግሁት። ዘይት በሚቀየርበት ቀን አሮጌው በደንብ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቅ፣ ከዚያ ለሞተሩ የተባለውን መጠን በጡጦ ለክተህ አስገባ። መጠኑ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ዘይት መጨመሪያው አጠገብ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የዘይት ማጣሪያም ከተቀየረ የሚገባው ትንሽ ይጨምራል። አስነሳው፣ አጥፋው፣ ጠብቅ፣ ከዚያ አንዴ አስረህ አንዴ ሳታስር ለካው። የላይኛው መስመር አጠገብ ያሳየህ አለካክ የሞተርህ ትክክለኛ አለካክ ነው። መሳሪያ ሳጥንህ ክዳን ላይ በምስማር ጻፈው፣ ለሚቀጥለው ገዢም ይጠቅማል።

ሞተርህ መለኪያ ዘንግ ሳይሆን ትንሽ ክብ መስታወት ካለው ዕድለኛ ነህ። ቀጥ አድርገህ ዘይቱን በሁለቱ መስመሮች መካከል ማየት ብቻ ነው።

ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ከሆነ መጨመር ግድ አይደለም። "ይሙላ" ብሎ መጨመር ትርፍ የለውም። እኔ ረጅም መንገድ ከሌለኝ ከመካከል ትንሽ ከፍ ያለውን እወዳለሁ፣ ወደ ሐረር ስወጣ ወደ ላይኛው መስመር አቀርበዋለሁ። አልፌ ግን አልሄድም። ከታችኛው መስመር በታች ከሆነ በጡጦው 50 ሚሊ ሊትር ጨምር፣ ጥቂት ደቂቃ ይውረድ፣ ለካ። እንደገና 50። ይሰለቻል፣ ቢሆንም መጨመር ቀላል ነው፣ ማውጣት ነው ከባዱ።

ከበዛብህ ታች ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን አትፍታ፣ ላልተለማመደ ሰው በአንድ ጊዜ ሁሉም ይፈስበታል። ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅና የግሉኮስ ቀጭን ላስቲክ ግዛ፣ በመጨመሪያው ቀዳዳ አስገብተህ ሳበው። ላስቲኩን በጣም ወደ ውስጥ አትክተተው፣ ማርሽ አካባቢ እንዳይያዝ። የሳብከውን ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጥ እንጂ መሬት ላይ አትድፋው። የድሬ ሰው የሚጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ አሸዋችን ደግሞ የደፋህበትን ሁሉ ወደ ታች ያሳልፋል።

ስትለካ መልኩንም እይ። መጥቆሩ ብቻውን አያስፈራም፣ ቆሻሻውን እየሰበሰበ ነው። እንደ ማኪያቶ ከነጣ ግን ውሃ ገብቶበታል፣ ሳታስቀይር አትንዳው። ምንም ሳትጨምር ከፍ ካለና ጨርቁ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ደግሞ ካርቡሬተሩ አልዘጋ ብሎ ነዳጅ ወደ ሞተሩ እየወረደ ነው። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል። ካርቡሬተሩን አሳይ፣ ዘይቱን ቀይር፣ ስታቆም የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ።

ይህን ሁሉ በየሳምንቱ አንድ ቀን እሰራዋለሁ፣ ሐረር ከመውጣቴ በፊትም ሁልጊዜ። አሁን 10 ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ጨምረህ ስትጨርስ ክዳኑን በእጅህ ብቻ እሰር፣ ፒንሳ አታንሳ፣ አሉሚኒየም ጥርሱ ቶሎ ይላጣል። አስነሳው፣ አጥፋው፣ ጠብቀህ አንዴ ድገመው። ማታ ስታሳድረው ከስሩ ካርቶን አንጥፍ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካገኘህ መጀመሪያ የምታየው ክዳኑ ስር ያለውን የላስቲክ ቀለበት ነው። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ አዲስ ግዛለት፣ ውድ አይደለም።