የተጣበቀው የትራፓኖ ጠረጴዛ እንዴት ተላቀቀ

ቃሊቲ ያለው ወርክሾፓችን ውስጥ ምሰሶ ላይ የተተከለ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) አለ። አሮጌ ነው፣ ግን እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚበሳ አላየሁም። የሚበሳው ዕቃ የሚቀመጥበት ጠረጴዛው ምሰሶው ላይ ዝጎ ንቅንቅ አልል አለ።

ብዙ ሰው ወዲያው ከባድ መዶሻ ያነሳል። እባካችሁ ተዉት። ጠረጴዛው ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ነው፤ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል።

ማጥበቂያ ብሎኑን አወጣሁ፣ ከስር በጣውላ ደገፍኩት። ምሰሶውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ በክፍተቱ አንቆረቆርኩ፤ አሳደርኩት። ጠዋት ከታች ቀይ የዝገት ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ደስ አለኝ፤ ዘልቋል ማለት ነው።

ናፍጣ ስላለ እሳት አላስጠጋሁም። ምሰሶውን ባቀፈው አንገት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። አንገቱ ቀድሞ ሲሞቅ ትንሽ ይሰፋል፣ በዚያች ቅጽበት በእንጨት መዶሻ ግራ ቀኝ መታ መታ። ቀጭ አለና ዞረ! ሳይዞር ወደ ላይ አትሳቡት። ከዚያ አድርቄ ስስ ዘይት ቀባሁት።