ስትረስ መጥቶ ክው ስትል ምን ታደርጋለህ

አከራይህ በር አንኳኩተው "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ ጨምሬያለሁ" ሲሉህ ክው ትልና "እሺ" ብለህ በሩን ትዘጋለህ፣ ማታ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ነው መልሱ ሁሉ ተደርድሮ የሚመጣልህ። ይሄ ፈሪነት አይደለም። አሚግዳላ የምትባል ለውዝ የምታክል የአንጎል ክፍል አለች፣ አደጋ ነው ብላ ከጠረጠረች አንተን አታማክርም፣ ቀጥታ ሰውነትን ለአደጋ ወደሚያዘጋጀው ሃይፖታላመስ ወደሚባል የአንጎል ክፍልና ወደ መሀለኛው አንጎል ነው መልእክት የምትልከው፣ እዛ ደግሞ አንዱ ክፍል ሲነሳ እንስሳ ይሮጣል፣ ሌላው ሲነሳ ባለበት ደርቆ ይቀራል። አድሬናሊን የሚባለው የስትረስ ሆርሞን በሰከንዶች ይለቀቃል፣ ሌላው የስትረስ ሆርሞን ኮርቲዞል ግን ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ ነው። በዚህ መሀል ከግንባርህ ጀርባ ያለው፣ ቃል የሚመርጠውና የሚያመዛዝነው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ኖራድሬናሊን የሚባል የአድሬናሊን ዘመድ የሆነ ኬሚካል ሲበዛበት ይደክማል።

ስለዚህ አንደኛ፣ በዛ ሰዓት ምንም አትወስን። አንድ አረፍተ ነገር ቀድመህ አዘጋጅ፣ "እትዬ፣ ላስብበትና ነገ እነግርዎታለሁ" በቂ ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ድምፅህን አውጥተህ ደጋግመህ በለው፣ ምክንያቱም ስትረስ ላይ አንጎል ከማሰብ ይልቅ ወደ ለመደው ነገር ነው የሚሄደው፣ ያልተለማመድከው አሪፍ ንግግር እዛ ቦታ ላይ አይመጣም።

ሁለተኛ ትንፋሽ። በአፍንጫህ ሳብ፣ ሳትለቅ ትንሽ ጨምርበት፣ ከዛ በአፍህ ቀስ ብለህ እስኪያልቅ ልቀቀው። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ቀነስ ይላል፣ ለዛ ነው ማስወጣቱ መርዘም ያለበት። "ተረጋጋ" ከሚል ሰው ይሄ ይሻላል፣ እሱ እንዲያውም ያናድዳል። የሚሰማህን በስሙ መጥራትም ("ተናድጃለሁ"፣ "ፈርቻለሁ") አሚግዳላን በረድ ያደርጋታል።

ዋናው ግን ሶስተኛው ነው። በ1967 ሴሊግማንና ማየር የሚባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ውሾችን በኤሌክትሪክ እየነዘሩ ሙከራ ሰሩ፣ ኤሌክትሪኩን ማስቆም ያልቻሉት ውሾች በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው እንኳ አብዛኞቹ ተኝተው ተቀበሉት። ያኔ "አቅመ ቢስነትን ተማሩ" ተባለ። ማየር ግን ነገሩን ወደ አይጥ ወስዶ አንጎል ውስጥ ገብቶ ሲያየው ሌላ ሆነ። ሁለት አይጥ፣ ጭራቸው ላይ እኩል ኤሌክትሪክ፣ አንዷ ፊቷ ያለውን ጎማ ስታሽከረክር ለሁለቱም ይቆማል። ጎማ ያላት ደህና ናት፣ ሌላዋ ትፈዛለች። ፕሪፍሮንታሉን በመድኃኒት ሲያስተኙት ግን ጎማ ያላትም እንደሌላዋ ሆነች! በ2016 ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው ነገሩን ገልብጠውታል፣ መከራ ሲረዝም መፍዘዝ የተፈጥሮ ነው፣ የምንማረው መቆጣጠር መቻልን ነው አሉ። እኔ በጣም የወደድኩት ደግሞ ይሄን ነው፦ ቀድማ መቆጣጠር የቻለች አይጥ በኋላ የማታስቆመው ነገር ሲመጣባትም አልፈዘዘችም።

ለኛ ሲተረጎም፣ የምታሽከረክረው ጎማ ፈልግ ነው። ወረቀት አውጣና ከጉዳዩ ውስጥ በእጅህ ያለውን ብቻ ጻፍ፦ ለሁለት ደላላ ደውሎ የሰፈሩን ዋጋ ማወቅ፣ ውሉን አውጥቶ ስለ ጭማሪ ምን እንደሚል ማንበብ፣ ጎረቤት ተከራዮች ስንት እንደተባሉ መጠየቅ። የኑሮ ውድነቱን፣ የአከራይዋን ፀባይ ወረቀቱ ላይ አታስገባ። (ለሳምንታት እንቅልፍ አጥተህ፣ ምግብ አልዋጥ ብሎህ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አይበቃም፣ ሀኪም ጋ ሂድ።)

ታዲያ ጎማው የእውነት መስራት አለበት፣ ራስን ለመሸወድ ከሆነ አይሰራም፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ይዘህ ደጋግመህ ካልተሳካልህ እንደውም ይብስብሃል። "ህይወቴን አስተካክላለሁ" የሚለውን ለጊዜው ተወውና ዛሬ ከመተኛትህ በፊት የሚያልቅ ነገር ምረጥ፣ ለምሳሌ ውሉን ፈልጎ ማግኘት።