ያለ ዳታ ጥቅል ኢንተርኔት መጠቀም፦ ችግርና መፍትሄ

ዳታ ሳይገዙ በዋይፋይና ቀድመው ባወረዱት ነገር ብቻ ብዙ ሥራ መሥራት ይቻላል። የሚያሰናክሉት ነገሮች ግን ተመሳሳይ ናቸው።

ዋይፋዩ ተገናኝቷል፤ ገጽ ግን አይከፈትም

ብዙ የሕዝብ ዋይፋይ መግቢያ ገጽ አለው፤ እዚያ ላይ «እስማማለሁ» ካልተጫነ ወይም ኮድ ካልገባ መስመሩን አይከፍትም። ገጹ ራሱ ብቅ ካላለ መጀመሪያ ቪፒኤኑን (ግንኙነትዎን መስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈውን መተግበሪያ) ይጠርጥሩ። ቪፒኤኑ ከሰርቨሩ ጋር ሳልገናኝ ምንም አላሳልፍም ይላል፣ ዋይፋዩ ሳትገባ አላሳልፍም ይላል፤ ሁለቱ ተፋጠው ይቀራሉ። አንድሮይድ ላይ በእጅ የተሞላ ፕራይቬት ዲኤንኤስም (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት የሚመረጥበት ሴቲንግ) እንዲሁ ያደርጋል። ሌላው ምክንያት የጠየቁት ገጽ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ መሆኑ ነው፤ ዋይፋዩ በራሱ መግቢያ ሊተካው ስለማይችል የሰርተፊኬት ስህተት (የድረ ገጹን ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል ማስጠንቀቂያ) ብቻ ያያሉ።

ቪፒኤኑን ያጥፉ፣ ፕራይቬት ዲኤንኤሱን ወደ አውቶማቲክ ይመልሱ፤ ከዚያ ያልተመሰጠረ ገጽ ይክፈቱ። ኔቨር ኤስኤስኤል ዶት ኮም (በላቲን ፊደል ይጻፉት) የተሠራው ለዚሁ ነው። እምቢ ካለ ዋይፋዩን ከስልኩ ላይ አስረስተው እንደ አዲስ ይገናኙ። ከገቡ በኋላ ቪፒኤኑን መልሰው ያብሩ። ከገቡ በኋላም በየድረ ገጹ የሰርተፊኬት ስህተት ከቀጠለ የስልኩን ቀንና ዓመት ይመልከቱ፤ ባትሪው አልቆ የቆየ ስልክ ቀኑን ሊስት ይችላል።

ካርታው ወርዷል፤ ያሉበትን ቦታ ግን አያሳይም

ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም። ዳታ ሲኖር ግን ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ ከኢንተርኔት ቶሎ ያገኛል፤ ሳይኖር ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ ስለሚቀበል ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቆመው ይጠብቁ፤ ቤት ውስጥ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ጎግል ማፕስ ላይ ያወረዱት ካርታ ጊዜው ያልፍበታል፤ ዋይፋይ ሲያገኙ ያድሱት። ሰዎች በጋራ በሚሠሩት ነጻ ካርታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተሠራው ኦርጋኒክ ማፕስ የተባለ መተግበሪያ የእግር መንገድንም ያለ ኔትወርክ ይመራል።

የዊኪፔዲያ ፋይል ወደ ሚሞሪ ካርድ አልገለበጥ አለ

ኪዊክስ የተባለው መተግበሪያ ዊኪፔዲያን ዚም በሚባል ፋይል ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ካርዱ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» የሚል ከሆነ ፎርማቱ (ካርዱ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ስልት) ምናልባት ፋት32 ነው፤ ይህ ፎርማት 4 ጊጋባይት የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ካርዱ ላይ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው (ፎርማት ሲደረግ ሁሉም ይጠፋል) ኤክስፋት ወደሚባለው ፎርማት ይቀይሩት። የቆየ ስልክ ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል ያኔ ሥዕል የሌለውን አነስተኛ ፋይል ይምረጡ።

ያስቀመጡት ገጽ ባዶ ሆነ

ገጹ ይዘቱን የሚያመጣው ወደ ታች ሲወርዱ ነው። እስከ መጨረሻው ወርደው ሥዕሎቹ ከታዩ በኋላ «ፕሪንት» ብለው በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ዋይፋዩ ካለበት ቦታ ሳይርቁ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፣ ዋይፋዩም መጥፋቱን አይተው ይክፈቱት፤ የጎደለው እዚያው ይታያል።

የማረጋገጫ ኮድ አይቀበልም

ወደ አካውንት ሲገቡ የሚጠየቀውን ኮድ የሚያወጣው የኦተንቲኬተር መተግበሪያ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ግን ኮዱ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ ከሰዓት ስለሚሰላ የስልኩ ሰዓት ከሳተ ኮዱ ይወድቃል። ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉ። መተግበሪያውን ከአካውንቱ ጋር ማያያዝ ግን ኢንተርኔት ሳለ የሚሠራ ሥራ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ያለው ዋትስአፕ ወጣ

ዋናው ስልክ ላይ ዋትስአፕ 14 ቀን ያህል ሳይከፈት ከቆየ የተያያዙት መሣሪያዎች ይለቃሉ። በየሳምንቱ አንዴ ስልኩን ዋይፋይ ላይ አድርገው ዋትስአፕን ይክፈቱ።